ልጅዎ ሽንኩርት ቢስል ምን አለበት?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን በአንባቢያን ገጻችሁ አንድ አባት የጻፉትን አነበብኩ። የልጃቸው የሥዕል መምህር «ለነገ አንድ ሽንኩርትና አንድ ቃሪያ ይዛችሁ ኑ» ማለቱ በጣም አናዷቸዋል። ልጄን የላክሁት ትምህርት ቤት ነው ወይስ ወጥ ቤት ብለው ጀምረው፣ ሽንኩርት በዚህ ዋጋ፣ ምግብ ይባክናል፣ ፎቶውን ከስልክ ላይ አይቶ ቢስል ምን ይጎድልበታል፣ ደግሞስ ሽንኩርት መሳል ምን የሚሉት ሙያ ነው እያሉ ጨረሱት። መምህሩን አላውቀውም። ትምህርት ቤቱንም አላውቀውም። ግን እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ሰብስቤ የውሃ ቀለም አስተምራለሁ፣ የምንስለውም ከጉሊት የመጣ አትክልት ነው፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የዋጋውን ነገር አስቀድመን እናንሳው፤ እውነት ያላቸው እዚያ ላይ ነው። ሽንኩርት ሲወደድ ምን እንደሚመስል ሁላችንም አይተናል፣ ኪሎ መግዛት ቀርቶ በፍሬ እየቆጠርን የገዛንበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ለሞላ ክፍል «እያንዳንዳችሁ ሽንኩርት ይዛችሁ ኑ» ማለት ልክ አይደለም፣ በዚህ ከአባትየው ጋር ነኝ። መምህሩ ማለት የነበረበት «ቤት ያለውን አምጡ» ነው። ድንች ካለ ድንች። ምንም ከሌለ የሽንኩርት ልጣጭ። እንዲያውም ልጣጩ ከሽንኩርቱ ይበልጣል፤ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ጫፉ ወርቅማ ሆኖ መሃሉ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ለውሃ ቀለም ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ዋጋውም ዜሮ ነው።

«ምግብ ይባክናል» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። አይባክንም። ስንስል አትክልቱን የሚነካው ዓይን ብቻ ነው። ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል፣ አራት ልጅ ዙሪያውን ከቦ ያየዋል፣ ሲያልቅ ታጥቦ ወደ ድስት ይገባል። አንድ ጥብቅ ሕግ ግን አለን፤ ብሩሽ አትክልት አይነካም፣ የቀለም ውሃውም ከአትክልቱ ጋር አንድ ሰሀን ላይ አይውልም። አንዳንድ ቀለም ውስጥ ካድሚየም፣ አንዳንዱ ውስጥ ኮባልት አለ፣ ለሆድ የሚሆን ነገር አይደለም። ድንች ለሁለት ሰንጥቆ ቀለም እየነከሩ እንደ ማኅተም ወረቀት ላይ መምታት የሚወዱ መምህራን አሉ፤ ያኛው ድንች በፍጹም አይበላም። እሱን የምትሠሩ ከሆነ የበቀለና አረንጓዴ ያወጣ ድንች ተጠቀሙ፣ እሱ ድሮም ለምግብ አይመከርም።

ለመሳል ደግሞ ምርጥ የሆነው ማንም የማይገዛው ነው። አመሻሽ ላይ ጉሊት ሄዳችሁ «እማማ፣ የማይሸጠውን ስጡኝ» በሉ። ሁለት እግር ያወጣ ካሮት፣ የተጨማደደ ቃሪያ፣ አናቱ ላይ አረንጓዴ ቡቃያ የተኮሰ ሽንኩርት፣ ጎኑ የተሰነጠቀ ቲማቲም። የእኔ ደንበኛ መጀመሪያ ቀን «የተበላሸ ነገር ነው እንዴ ሥዕል የሚሆነው?» ብላ ሳቀችብኝ። አሁን ራሷ እየመረጠች ታስቀምጥልኛለች፤ ጠማማውን አይታ «ይሄ የናንተ ነው» ትላለች። ዓይኗም ከእኔ ይሻላል።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ዋናው ጠብ እዚህ ላይ ነው።

ልጅን ቲማቲም ሳል ስትሉት፣ ቲማቲሙ ፊቱ ሳይኖር፣ ምን እንደሚስል ልንገራችሁ። ቀይ ክብ። ከላይ አረንጓዴ ኮከብ። አዲስ አበባም ያለ፣ ሐዋሳም ያለ፣ ደሴም ያለ ልጅ ያንኑ ነው የሚስለው። ምክንያቱም እያየ አይደለም፣ እያስታወሰ ነው። አንድ ቦታ ያየውን ምልክት መልሶ ይጽፋል። ከዚያ እውነተኛውን ቲማቲም ፊቱ አስቀምጡለት። ክብ አይደለም። ትከሻው ላይ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ አለው፣ አንዱ ጎን ተጨፍልቋል፣ እግሩ ስር የደረቀ ጠባሳ አለ፣ ቀዩ ራሱ አንድ ቀይ አይደለም፣ በብርሃን በኩል ወደ ብርቱካናማ፣ በጥላ በኩል ወደ ጥቁር ቀይ ይሄዳል። ልጁ ይህን ሲያይ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ «ቲቸር፣ ይሄ ቲማቲም ተበላሽቷል፣ ሌላ ስጠኝ» ይላል። የሥዕል ትምህርት የሚጀምረው እዚያች ጋ ነው።

ፎቶው ላይ ግን ከባዱን ሥራ ካሜራው ጨርሶታል። ድቡልቡሉን ነገር ጠፍጣፋ አድርጎታል፣ የቱ ብርሃን የቱ ጥላ እንደሆነ ወስኖለታል፣ ቀለሙንም ስልኩ እንደፈለገ አድምቆታል። ለልጁ የሚቀረው መገልበጥ ነው። እውነተኛው ፊቱ ሲሆን ጭንቅላቱን ትንሽ ሲያዘነብል ቲማቲሙ ላይ ያለችው የብርሃን ነጥብ አብራ ትንቀሳቀሳለች፤ ፎቶ ላይ አትንቀሳቀስም። ያቺን ነጥብ የት ልተዋት ብሎ መወሰን ያለበት ልጁ ነው። በዚያ ላይ ስልክ የሰጣችሁት ልጅ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ቲክቶክ ላይ ነው፣ እሱን እኔ አልነግራችሁም።

መገልበጥን ንቄ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የተማሩት ከመምህራቸው ሥራ እየገለበጡ ነው፣ ሕግም አላቸው፤ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሳላል፣ ክፉው በጎን ነው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ያ ሥርዓት ለዘመናት ሠርቷል፣ ውበቱም ይኸው ቆሟል። ሽንኩርት ግን ሥርዓት የለውም። አባት የለውም፣ ቀኖና የለውም፣ ጻድቅም ኃጢአተኛም አይደለም። ማየት ብቻ ነው ያለው አማራጭ። የእኛ የትምህርት ቤት ችግር ደግሞ ሁለቱንም አለማድረጋችን ነው። እንደ አባቶች ጠንቅቆ መገልበጥም የለም፣ ማየትም የለም። ሰሌዳ ላይ ጎጆ ቤት፣ ጎኑ ዛፍ፣ ከላይ ፀሐይ ከነጨረሯ፣ «ገልብጡ»፣ ከአሥር ይታረማል፣ አለቀ።

ታዲያ ለምን የውሃ ቀለም፣ ለምን ከለር እርሳስ አይሆንም ትሉ ይሆናል። ይሆናል። ግን የአትክልት ቆዳና የውሃ ቀለም ባሕርያቸው ይገጥማል። የውሃ ቀለም ስስ ነው፣ ብርሃኑ ቀለሙን አልፎ ወረቀቱ ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ የቲማቲምና የሽንኩርት ቆዳም እንዲሁ ብርሃን በከፊል ያስገባል። በዘይት ቀለም ያንን ለማግኘት ብዙ መድከም አለ። እዚህ ውሃው ራሱ ግማሹን ይሠራላችኋል፣ ካወቃችሁበት ማለቴ ነው፤ ካላወቃችሁበት ደግሞ ውሃው ግማሹን ያበላሽባችኋል።

ልጆቼን መጀመሪያ የማስላቸው ነጭ ሽንኩርት ነው። ሁሉም ይገረማሉ፣ ነጭ ነገር በነጭ ወረቀት ላይ እንዴት ይሳላል? ሳጥኑ ውስጥ ነጭ ቀለም አለ፣ እሷን እደብቃለሁ። በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ነው። አንዴ ከሸፈናችሁት ሄደ ማለት ነው፣ አጥባችሁ ትንሽ ብታነሱትም እንደ ፊቱ አይሆንም። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱን አይስሉትም፣ ጥላውን ነው የሚስሉት። ሰማያዊና ቀይ ትንሽ ቡናማ ጨምረው በብዙ ውሃ አቅጥነው፣ በክንፎቹ መካከል ያለችውን ስርጉድ፣ ከስር ጠረጴዛው ላይ የተኛውን ጥላ፣ ከኋላ ያለውን ጨለም ያለ ቦታ ይቀባሉ። ሲጨርሱ ነጭ ሽንኩርቱ ያልነኩት ቦታ ላይ ብቅ ይላል። ይህ ሲሆን ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን ጫጫታ አባትየው ቢሰሙት ደስ ይለኝ ነበር።

ቀይ ሽንኩርት ሁለተኛ ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥት ይመጣል። ቅርጹን በእርሳስ ሳስቶ መንደፍ፣ ከዚያ የሚያበራውን ቦታ ትቶ ሌላውን በንጹሕ ውሃ ማርጠብ፣ እርጥቡ ላይ ቀጭን ቢጫና ሮዝ መጣል፣ ገና ሳይደርቅ ዳር ዳሩን ጠቆር ባለ ቀይ መንካት። ቀለሙ ራሱ ይሸሻል፣ ይቀላቀላል፣ ዳር የሌለው ሽግግር ይፈጥራል። ከዚያ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ። ልጆች የማይችሉት ይሄንን ነው! ግማሽ ደርቆ ሳለ እንደገና ውሃ ያለው ብሩሽ ሲያስነኩት አበባ ጎመን የመሰለ ቆሻሻ ጠርዝ ይወጣል፣ ከዚያ ለቅሶ። አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ ክረምት ላይ ግን አንዷ ሥዕል እስክትደርቅ ተረት አውርተን እንጨርሳለን። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በብሩሹ ጫፍ ከአንገቱ እስከ ሥሩ የሚሄዱትን ቀጫጭን መስመሮች። መስመሮቹ የሽንኩርቱን ሆድ ተከትለው መጉበጥ አለባቸው። ቀጥ ካሉ ሽንኩርቱ ሳንቲም ሆኖ ይቀራል። ከጎበጡ ግን፣ ያለ ምንም ሌላ ጥላ፣ ይነፋል።

አረንጓዴው ደግሞ የራሱ ጦርነት ነው። በየሱቁ በሚሸጠው የአሥራ ሁለት ቀለም ሳጥን ውስጥ ያለው አረንጓዴ ጩኸታም ነው፣ ተፈጥሮ ላይ የለም። ልጆች ግን ይወዱታል። እኔ የማደርገው ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቃሪያ አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ «አንድ ናቸው?» ማለት ነው። አይደሉም። የሐበሻ ጎመን ቅጠሉ ላይ ሰም የመሰለ ሽፋን ስላለው ወደ ሰማያዊ ግራጫ ያደላል፤ ቆስጣ ጠቆር ብሎ ያብለጨልጫል፣ አገዳው ነጭ ነው፤ ሰላጣ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ቃሪያ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከዚያ አረንጓዴውን ከሳጥኑ አውጥቼ፣ ቢጫና ሰማያዊ ብቻ ሰጥቼ አራቱን እንዲያገኙ አደርጋለሁ። ለሰላጣ ብዙ ቢጫ። ለጎመን ብዙ ሰማያዊና ጠብታ ቀይ። ቀይ የአረንጓዴን ጩኸት ያበርደዋል፣ አብዝታችሁ ከጨመራችሁ ወደ ቡናማ ይወስደዋል፣ ድንቹን ደግሞ በዚያው ቡናማ ትስላላችሁ። የጎመን ነገር ከተነሳ፣ የሐበሻ ጎመን የምንለው ተክል መነሻው የእኛው ደጋ ነው ይላሉ የዕፅዋት ሰዎች። ቲማቲሙና ቃሪያው ግን ከአሜሪካ ምድር ዞረው የመጡ እንግዶች ናቸው። ይህንን ስነግራቸው «ቃሪያ የኛ አይደለም?» ብሎ ሊጣላኝ የደረሰ ልጅ አለ።

ቀይ ሥር አስቸጋሪ ነው ግን አስተማሪ ነው። ልጆች ቀለም ይፈራሉ፣ አቅጥነው አቅጥነው ይቀባሉ። የውሃ ቀለም ደግሞ ሲደርቅ ይደበዝዛል፣ እርጥብ ሳለ ልክ የመሰላችሁ ሲደርቅ የታመመ ይመስላል። ቀይ ሥር ላይ ድፍረት ያስፈልጋል፤ ብዙ ቀለም ጥቂት ውሃ፣ አንዴ ቀብቶ መተው። ስትቆርጡት ውስጡ ቀለበት በቀለበት ነው፣ አንዱ ደመቅ አንዱ ፈዘዝ እያለ፣ የሚያድገው በድርብርብ ስለሆነ ነው። ጭማቂው ራሱ ቀለም ይመስላል፣ ልጆች ሁሌ በጣታቸው ወረቀት ላይ ያሻሹታል። እሺ እላለሁ፣ አሻሹ፣ ቀኑንም ጻፉበት፣ ከዚያ መስኮት ላይ ለጥፉት። ፀሐይ ትበላዋለች፣ ወደ ቡናማ ይቀየራል። እርድንም ፀሐይ ታደበዝዘዋለች። ቀይ ጥቅል ጎመን ካገኛችሁ ደግሞ ቀቅላችሁ ውሃውን ለሁለት ክፈሉት፣ አንዱ ላይ ሎሚ ጨምቁ፣ ሌላው ላይ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ። አንዱ ወደ ሮዝ ይቀላል፣ ሌላው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። የኬሚስትሪ መምህራን ስለ አሲድና ቤዝ የሚያስተምሩት ይሄንኑ አይደል?

የቀለሙን ነገር ካነሳሁ አይቀር አንድ የሚያበሳጨኝን ልናገር። የውሃ ቀለም ማለት የተፈጨ ቀለም ከግራር ሙጫ ጋር የተለወሰ ነው። ቀለሙን አያይዞ ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው ያ ሙጫ ነው። ሙጫው የሚወጣው ከግራር ዘመድ ከሆነ ዛፍ ነው፣ ዛፉ በቆላችን አለ፤ ሱዳን በዓለም ትልቋ አምራች ናት፣ እኛም ሙጫና ዕጣን ወደ ውጭ እንልካለን። ቀለሙን ግን በሳጥን ታሽጎ በዶላር እንገዛዋለን። ሙጫውን ፈጭቶ፣ ቀይ አፈርና ከሰል ለውሶ ለትምህርት ቤት የሚሆን ቀለም መሥራት የሮኬት ሥራ አይደለም፣ ብራና ላይ የሚጽፉ አባቶች ቀለማቸውን በእጃቸው ሲያዘጋጁ ኖረዋል። አንድ ጎበዝ ወጣት ቢጀምረው የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ።

እስከዚያው ግን ገንዘብ ያላችሁ ወላጆች ቀለም ላይ አታጥፉት። ወረቀት ላይ አጥፉት። ሰው ሁሉ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፤ ሠላሳ ስድስት ቀለም ያለው ሳጥን ይገዛና ልጁን ፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ ያስቀምጠዋል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፣ ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፣ ሁለቴ ካሻሻችሁት ይላጣል። ለውሃ ቀለም የሚሆነው 300 ግራም ነው፣ ከጥጥ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ኤ4ውን ለአራት ቁረጡት። አንዲት ቃሪያ ስንት ቦታ ትፈልጋለች? ዳር ዳሩን በፕላስተር ጣውላ ላይ አጣብቁት፣ ሲደርቅ ቀጥ ይላል። ለልምምድ 200 ግራም ይበቃል። ቀለም ሦስት ብቻ፣ ቢጫ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይና አልትራማሪን የሚባለው ጥልቅ ሰማያዊ። ብሩሽ አንድ፣ ጫፉ የሚሾል፣ ስምንት ቁጥር። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ» ሲል ጫማ አትበሉት፣ ወረቀት በሉት። ሲጠራጠር ይታየኛል።

ለመምህሩም አንድ ሁለት ነገር ልበል፣ ይህንን ካነበበው። በአንድ የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የውሃ ቀለም አይጨረስም። አትሞክረው። የመጀመሪያው ሳምንት እርሳስ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ስስ ቀለም፣ ሦስተኛው ድርብርቡ። ስለዚህ ሳምንት የሚቆይ ነገር ምረጥ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ዱባ። ቆስጣና ሰላጣ በማግስቱ ይጠወልጋሉ፣ እነሱን አንድ ቀን ለሚያልቅ ፈጣን ሥራ ተዋቸው። ለዴስክ አንድ አትክልት በቂ ነው። የውሃ ዕቃ ከፈለግህ ሃይላንድ ለሁለት ቁረጥ፣ ለአንድ ዴስክ ሁለት፣ አንዱ ብሩሽ ማጠቢያ አንዱ ንጹሕ። መስኮት በአንድ በኩል ብቻ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጥላው ወደ አንድ አቅጣጫ ይወድቃል፤ በሁለት በኩል ካለ አንዱን በካርቶን ጋርደው። ከሁሉ በላይ ግን ንጽሕናውን አይተህ ማርክ አትስጥ። በጣም ንጹሕ ሥዕል ብዙ ጊዜ ያላየ ልጅ ሥዕል ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። «ሽንኩርት መሳል ምን የሚሉት ሙያ ነው?»

አልብሬክት ዱረር የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1503 አንድ ቁራጭ መሬት ከነሣሩ ከነአረሙ በውሃ ቀለም ሳለ። ንጉሥ የለበት፣ ፈረስ የለበት፣ ሣር ብቻ። አምስት መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም ቪየና አልበርቲና ሙዚየም ውስጥ ተጠብቆ አለ። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ሮሪ ማኪወን የሚባለው ስኮትላንዳዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ነው የሞተው፣ ሽንኩርት በውሃ ቀለም በመሳል ስሙ ተጠርቷል፤ የሚስለውም በምን ላይ ቢሆን ጥሩ ነው? በብራና። እኛ ዳዊት የምንጽፍበት ዓይነት ብራና ላይ እሱ ሽንኩርት አስቀመጠ፣ ልጣጩ ሊረግፍ የደረሰ፣ ብትነኩት የሚንኮሻኮሽ የሚመስል።

የማኔን ታሪክ ደግሞ አባትየው ይወዱታል ብዬ አስባለሁ፣ ገንዘብ ስላለበት። ኤድዋር ማኔ ፈረንሳዊ ነው፣ ይሄኛው በዘይት ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 አንድ እስር አስፓራገስ ሳለ፣ አስፓራገስ ቡቃያው የሚበላ ቀጭን ረጅም አትክልት ነው። ሻርል ኤፍሩሲ የሚባል ሥዕል ሰብሳቢ በ800 ፍራንክ ሊገዛው ተስማማና 1,000 ላከለት። ማኔ መልሱን በገንዘብ አልመለሰም። ትንሽ ሸራ ላይ አንዲት ነጠላ አስፓራገስ ስሎ፣ ከእስርዎ አንዷ ጎድላ ነበር ብሎ ሰደደለት። እስሩ ዛሬ ኮሎኝ ነው ያለው፣ ነጠላዋ ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም። አንድ ፍሬ አትክልት፣ ጌታዬ!

ልጅዎ ማኔ ይሆናል እያልኩ አይደለም። አይሆንም ማለት ይቻላል። የአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ሠዓሊ እያወጣ ነው፣ እዚያ የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ ጋ ከሚመጡት ልጆችም አብዛኞቹ ኢንጂነርና ዶክተር ነው የምንሆነው የሚሉት፣ ይሁኑ። ነገር ግን ዕፅዋት የሚያጠኑ ሰዎች እስከ ዛሬ ሠዓሊ ይፈልጋሉ። አንድ ተክል ሥሩን፣ አበባውን፣ ፍሬውንና ዘሩን በአንድ ገጽ ላይ፣ የማይጠቅመውን ትቶ ዋናውን አጉልቶ ማሳየት ፎቶ አይሆንለትም፤ ፎቶ የፊቱን ብቻ ነው የሚያነሳው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ውስጥ የደረቁ ተክሎች ተሰብስበው ተቀምጠዋል፣ የእነዚያን ቅርጽ በእርሳስ የሚያወጣ ሰው የት ነው የሚማረው? ጎጆ ቤትና ፀሐይ እየገለበጠ?

ሌላም አለ፣ ይሄ ደግሞ ሳላስበው የመጣ ነው። ጎመን አልበላም ይሉ የነበሩ ልጆች ከሳሉት በኋላ ይበላሉ። ሁሉም አይደሉም፣ ሳይንስ ነው ብዬም አልከራከርም። አንዲት እናት ግን በጾም ወቅት ልጇ በያይነቱ ሲቀርብ እያንዳንዱን ነገር «ይሄ ቀይ ሥር ነው፣ በጥላ በኩል ጥቁር ነው የሚሆነው» እያለች እህል እንዳስቆመቻቸው ነግራኛለች። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ ግን ትንሽም ተማርራለች።

እናም ጌታዬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ ካለዎት ይህንን ይሞክሩ። አንድ ቲማቲም በመስኮት አጠገብ ነጭ ሰሀን ላይ ያስቀምጡ። ልጅዎ ጎን ይቀመጡ፣ አይርዱት፣ እርስዎም የራስዎን ይሳሉ። ከመሳልዎ በፊት ዝም ብለው ይዩት፣ ብርሃኗ የት ጋ እንደሆነች፣ ከስሩ ሰሀኑ ላይ የወደቀችው ቀላ ያለች ጥላ የት እንደምትደርስ። ሰሀኑ ነጭ ነው ያሉት፣ ግን ቲማቲሙ አጠገብ ነጭ ነው? ከዚያ የተሳለውን ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፣ ቲማቲሙን ደግሞ ሰላጣ ይሥሩበት። ሽንኩርት ግን እኔ አላዘዝኩም፣ ልጣጭ ይበቃል።

ዝግጅት ክፍሉንም አንድ ነገር ልለምን። የልጆች ገጻችሁ ላይ በየሳምንቱ የካርቱን ሥዕል እያተማችሁ «ቀለም ቀቡ» ትላላችሁ፣ ጋዜጣችሁ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ይገባኛል። በዚያው ቦታ ልጆች ከቤታቸው አንድ አትክልት እያዩ በእርሳስ የሳሉትን ብታወጡስ? ስማቸውን አትጻፉ፣ ዕድሜያቸውንና የሳሉትን አትክልት ብቻ። የእኔ ልጆች ባለፈው ቅዳሜ ዱባ ጨርሰዋል፣ ከፈለጋችሁ ስካን አድርጌ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰፈር ሥዕል አስተማሪ፣ ከአዲስ አበባ